በረዶው ላይ ያልተነገረኝ መርዶ

አባቴ የሞተ ቀን እኔ አንታርክቲካ ነበርኩ። ከበረዶው በላይ ብቅ ባለ የተራራ ጫፍ ላይ ተንበርክኬ በመዶሻና በመሮ ድንጋይ እፈልጥ ነበር። መሞቱን ያወቅሁት ግን ከተቀበረ ከብዙ ሳምንታት በኋላ፣ ሜልበርን ስመለስ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ እሑድ እሑድ ቤት እደውል ነበር። እሑድ እሑድም "ደህና ነው" እባል ነበር።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ፣ "የእኛ አገር ሰው እዚያ በረዶ ላይ ምን ይሠራል?" ብሎ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እንዴት ሳይታወቅሽ ቀረ?" ይለኛል። ለሁለተኛው ጥያቄ ራሴን የሚያሳምን መልስ እስከ ዛሬ የለኝም። የመጀመሪያው ግን ከአባቴ ይጀምራል።

አባቴ በአሰብ መስመር የሚሠራ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። እናቴ ታማ ሆስፒታል በገባችበት ሰሞን እኔን የሚይዝለት ሰው አጣና ጋቢና ውስጥ አስቀምጦኝ ወደ ወደቡ ወረደ። የሰባት ስምንት ዓመት ልጅ ብሆን ነው። ቁልቁለቱን ጨርሰን፣ ቆላውን አቋርጠን፣ ወደ ባሕሩ ልንቃረብ ስንል መኪናውን ዳር አስያዘና ጎማዎቹን በብረት እየመታ ይፈትሽ ጀመር። እኔ ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ድንጋይ አነሳሁ። ውስጡ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ ነገር አለ፤ ቅርፊቱም ራሱ ድንጋይ ሆኗል። ወስጄ አሳየሁት።

"የባሕር ነው" አለኝ፣ ዓይኑን ከጎማው ሳያነሳ። "ድሮ እዚህ ድረስ ባሕር ነበር ይላሉ።"

"የት ሄደ?"

"ሸሸ።"

"ለምን ሸሸ?"

ቀና ብሎ አየኝ። "እሱን ተምረሽ አንቺው ትነግሪኛለሽ" አለ።

አባት ሁሉ ለልጁ እንዲህ ብሎ ይረሳል። እኔ ግን አልረሳሁትም።

መንግሥት ሲለወጥ አባቴ ለጥቂት ወራት ታሰረ። ሲፈታ ጊዜ አልፈጀም፤ ይዞን በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። እናቴ ያ በሽታዋ ካርቱም ላይ አገረሸባትና እዚያው ሞታ ቀረች። ወንድሜ ያኔ ገና መዳህ መጀመሩ ነበር። አባቴ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ወንድሜን አዝዬው የምውለው እኔ ነበርኩ። ትንሽ ካደገ በኋላ "እናትህ የታለች?" ሲሉት በጣቱ ወደ እኔ ይጠቁም ነበር።

ሜልበርን ስንደርስ ካርልተን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ ከላይ ወለል ቤት ተሰጠን። አባቴ ታክሲ መንዳት ጀመረ። "ሰው በአሰብ መንገድ ከጫንኩት ስሚንቶ ይሻላል፤ ቢያንስ ያወራል" ይል ነበር። እኔ ከፎቁ በእግር የሚደረስበት ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የጓደኞቼ ወላጆች ፋርማሲ፣ ነርሲንግ ሲሉ አባቴ ስለ ጂኦሎጂ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ባሕሩ ለምን እንደሸሸ እዚያ ይነግሩሻል?"

"ይነግሩኛል።"

"እንግዲያው ግቢበት።"

ዶክትሬቴን የጨረስኩ ጊዜ የፎቁ እናቶች የደም ግፊት ክኒናቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ መለሳቸው። "የድንጋይ ሐኪም ናት። ድንጋይ የታመመባችሁ እንደሆነ ብቅ በሉ" አላቸው። ከነዚህ እናቶች አንዷ ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሴትዮ ነበሩ። እትዬ ነው የምንላቸው። ወንድሜን በማሳደግ እጃቸው አለበት፤ የቤታችን ትርፍ ቁልፍም የሚቀመጠው እሳቸው ዘንድ ነበር።

ወደ አንታርክቲካ እንደምሄድ ለአባቴ የነገርኩት ምሳ እየበላን ነው።

"እዚያ ምን አለ?" አለኝ።

"በረዶ።"

"ከበረዶው ሥርስ?"

"ድንጋይ።"

"እዚህ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?"

ቀስ ብዬ አስረዳሁት። ግግር በረዶው ድሮ ከአሁኑ የበለጠ ወፍራም ነበር። እየሳሳ ሲሄድ ተሸክሟቸው የመጣቸውን ድንጋዮች በተራራው ጎን ላይ ጥሏቸው ይወርዳል። አንድ ድንጋይ ከበረዶው ወጥቶ ሰማይ ካየበት ጊዜ ጀምሮ ከጠፈር በሚመጣ ጨረር ምክንያት ውስጡ የሚጠራቀም ነገር አለ። እሱን ለክተን ድንጋዩ መቼ ሰማይ እንዳየ፣ በረዶውም መቼ እንደሸሸ እናውቃለን። አባቴ ጉርሻውን ይዞ ቆየ።

"በቀላሉ፣ ድንጋዩ ከእስር የተፈታበትን ቀን ነው የምትፈልጊው" አለኝ። የታሰረ ሰው ስለሆነ ነገሩ በዚያ በኩል ገባው። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ሥራዬን የሚያስረዳው እንዲህ እያለ ነበር።

በየዓመቱ አልሄድም፤ ግን ደጋግሜ ሄጃለሁ። እዚህ በጋው ሲገባ ከታዝማኒያዋ ከተማ ከሆባርት እንነሳለን። ከዚያ ትንሽ አውሮፕላን ወደ መሐል ታስገባንና ድንኳናችንን ተክለን እንሰነብታለን። ፀሐይ አትጠልቅም። ነጭ ብቻ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት የሚያጣበት ነጭ። ሁልጊዜ አብሮኝ የሚሰፍረው ከታዝማኒያ የመጣ የተራራ ሰው ነው። ሥራው እኔን ከበረዶ ስንጥቅ መጠበቅ ነው፤ ትንሽ የሚናገር፣ ብዙ ሻይ የሚያፈላ ሰው።

ከካምፕ ቤት የምደውለው በሳተላይት ስልክ፣ እሑድ እሑድ ነበር። ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ይህ ነገር ለአባቴ አልገባ አለው። እኔ ስናገር ይናገራል፤ ዝም ስል ዝም ይላል። በመጨረሻ የራሱን ዘዴ አበጀ፤ የሚለውን ሲጨርስ "ተራሽ" ይለኛል። "በልተሻል? ተራሽ።" "ብርዱ እንዴት ያደርገዋል? ተራሽ።" ታዝማኒያዊው ቃሏን ለመዳት፤ ሻይ ሲያቀብለኝ "ተራሽ" ይለኝ ጀመር።

የመጨረሻው ዓመት አባቴ ከስቶ ነበር። ሊፍት ሲበላሽ ደረጃው ላይ ደጋግሞ ይቀመጣል። ሐኪሙ ልቡ ደከም ብሏል፣ ግን መድኃኒቱን ከወሰደ የሚያሰጋ ነገር የለም አለን። ዘንድሮ ብቀርስ አልኩት።

"እኔን ልትጠብቂ ነው?"

"አዎ።"

"እኔ በረዶ ነኝ እንዴ የምሟሟው? ሂጂ ባክሽ።"

ሄድኩ።

የሞተበትን ቀን በኋላ ከሥራዬ ጋር አመሳክሬ አግኝቼዋለሁ። ከዚያ ሰሞን ቀናት ሁሉ ያማረው ነበር። ነፋሱ ቆሞ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ወፍራሙን ጓንት አውልቄ መሥራት ችዬ ነበር። ለዓመታት ስፈልገው የኖርኩትን ዓይነት ድንጋይ አገኘሁ፤ በረዶው ከጠርዙ ላይ በጥንቃቄ አስቀምጦት የሄደ የሚመስል፣ ብቻውን የተቀመጠ ቀላ ያለ ድንጋይ። ታዝማኒያዊው አጠገቡ አቁሞ ፎቶ አነሳኝ። ፎቶው ላይ ጥርሴ ሁሉ ይታያል። አልሰረዝኩትም። ላየውም ግን አልችልም።

እሑድ ስደውል የአባቴን ስልክ ያነሳው ወንድሜ ነው።

"ተኝቷል" አለኝ።

"በዚህ ሰዓት?"

"ጉንፋን ይዞታል። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶታል።"

"ቀስቅሰውና ስጠኝ።"

"ድምፁ ተዘግቷል። ቢነሳም ማውራት አይችልም።"

ወንድሜ ከእኔ ጋር ሲያወራ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ ሲቸኩል ደግሞ ጭራሽ አማርኛ የለውም። ያን ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ መለሰልኝ። አጠገቡ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እያንዳንዷን ቃል ይሰሙት እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ ግን እንዲያውም ደስ አለኝ። አማርኛው ተሻሽሏል ብዬ አሰብኩ። ረቡዕ ነዳጅ የምታመጣ አውሮፕላን እንደምትመጣና የለቀምኳቸውን ድንጋዮች በእሷ እንደምልክ ነገርኩት። "እሺ" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና "እሺ" አለ።

ረቡዕ አውሮፕላኗ መጣች። በርሜሎቹን አውርደን የድንጋይ ሣጥኖቼን ጫንን። ከሣጥኖቹ አጠገብ አንድ ባዶ ወንበር ነበር። አብራሪው ወንበሩን በእጁ እየመታ፣ "ቦታ አለ፤ ቤት መግባት አላማረሽም?" ብሎ ቀለደ። ሥራ አለብኝ አልኩት። ስትነሳ በረዶው ላይ ቆሜ እጄን አውለበለብኩ።

በሚቀጥሉት እሑዶች አባቴ አንዴ ተኝቶ ነበር፣ አንዴ ሻወር ውስጥ ነበር፣ አንዴ እትዬ ጋ ሄዷል ተባልኩ። ተቆጣሁ። ሌላ ሐኪም ይየው አልኩ። "ወስጄዋለሁ" አለኝ። የገና ዕለት ስደውል ግን ትዕግሥቴ አለቀ።

"ማውራቱ ይቅር። ስልኩን አፉ አጠገብ አድርግልኝ፤ ትንፋሹን ልስማና ልዝጋ።"

መስመሩ ነው የሚዘገየው ብዬ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። ከዚያ የበር ድምፅ ተሰማኝ፤ ከክፍሉ ወጥቶ ነው መሰለኝ። በእንግሊዝኛ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ እባክሽ ዛሬ ይህን አትጠይቂኝ አለኝ። ስልኩ ተቋረጠ። ታዝማኒያዊው ፊቴን አይቶ ምን ሆንሽ ሲለኝ፣ አባቴ ታሟል፣ ወንድሜ ተሰላችቷል መሰለኝ አልኩት። እውነትም የመሰለኝ ያ ነው። ሞት በአእምሮዬ ጥግ አላለፈም አልልም። ሲመጣብኝ ግን ወደ ሥራዬ እዞር ነበር።

ስመለስ አውሮፕላን ማረፊያ የጠበቀኝ ወንድሜ ብቻውን ነው። አቅፎኝ ቆየ። ረዘመብኝ።

"አባዬስ?"

"እኔ ቤት ነው ያለው" አለኝ።

የእሱ ቤት ክሬጊበርን ነው፤ ከሚሠራበት መጋዘን ብዙም አይርቅም። በመንገድ ላይ ስለ ድንጋዮቼ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ሻዩ አወራሁለት። እሱ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ፊቱን ብቻ ያያል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መብራት ላይ ቆመን፣ "ቁርስ በልተሻል?" አለኝ።

ቤቱ ያለበት መንገድ ላይ ግራና ቀኝ መኪና ተደርድሯል። ጎረቤት ሠርግ አለው? ልል አፌን ስከፍት እትዬን በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። ነጠላቸውን ለብሰዋል። ጥለቱ ግን ታች አልነበረም፤ አንገታቸው ዙሪያ ነበር። የኀዘን አለባበስ ነው። ከመኪናው ሳልወርድ ሁሉንም አወቅሁ። ያም ሆኖ ሄጄ ሳሎኑ ውስጥ ቆምኩ፤ ምክንያቱም ካልተነገረኝ ገና አልሆነም።

ጋሼ የምንላቸው፣ የአባቴ የታክሲ ባልደረባ የነበሩ ሽማግሌ ተነሡ።

"ልጄ፣ በርቺ" አሉኝ። "የሁላችንም መንገድ ነው። አባትሽ አርፏል።"

"መቼ?"

እትዬ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

"ትናንት ነው? ዛሬ ነው?"

"ቆየ፣ ልጄ።"

"ስንት ቀኑ ነው?"

ጋሼ መሬት መሬቱን አዩ። "አርባው ወጥቷል" አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውስም። እትዬ ወገቤን እንደያዙኝ፣ የአንድ ሰው ትከሻ እንደነከስኩ አውቃለሁ። አንዲት የማላውቃት ሴት ለአጠገቧ፣ "ፊቷን መች ነጨችው?" ስትል ሰማሁ። አልነጨሁትም። በበረዶው ፀሐይ ተቃጥሎ፣ ከመነጽሩ ቦታ በቀር ቆዳዬ ተልጦ ነበር።

ለቀስተኛው ሁሉ አብሮኝ አለቀሰ። ግን ልዩነቱ ይታወቀኝ ነበር። እነሱ አልቅሰው ጨርሰዋል፤ ቀብረው፣ ሣልስቱን አውጥተው፣ አርባውን አብልተው ወደየሥራቸው ተመልሰዋል። እኔን ለማስለቀስ ፈቃድ ጠይቀው ነው የመጡት። ከሰዓት በኋላ ሺፍት ያላቸው ሰዓታቸውን እያዩ በየተራ ትከሻዬን ነክተው ወጡ። አልፈርድባቸውም። አባቴ ግን ለእኔ የሞተው ያን ጠዋት ነበር፤ ሬሳ በሌለበት ቤት ብቻዬን ትኩስ ለቀስተኛ ሆኜ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ወንድሜ መቃብሩ ጋ ወሰደኝ። ሐውልት ገና አልቆመም። ዝናብ የደፈጠጠው የአፈር ቁልል ነው። ከቁልሉ ዳር ማሽኑ ሲቆፍር የሰባበራቸው ጥቋቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ነበሩ፤ የሜልበርን ሰሜን መሬቱ በሙሉ እንዲህ ነው። ለተማሪዎቼ ዕድሜውን፣ ከየት ፈስሶ እንደመጣ በቃሌ የማስተምረው ድንጋይ ነው። ተንበርክኬ አንዱን ይዤ ስቀመጥ ምንም አላወቅሁትም። ድንጋይ ብቻ ነበር። የአባቴ ራስ በየት በኩል እንደሆነ ወንድሜን ጠየቅሁት። አሳየኝ።

"ቤት እንሂድ። ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ልቀመጥ" አልኩት።

ክፍሉ የለም አለኝ። ቤቱ ተመልሷል። የመንግሥት ቤት ነውና ተከራዩ ሲሞት ማስረከብ ነበረባቸው። ጊዜ ይሰጠን ብለው ለምነው ጥቂት ተሰጣቸው፤ ያም ከእኔ መምጣት በፊት አለቀ። ዕቃው ግማሹ ለቤተ ክርስቲያን፣ ግማሹ ወንድሜ ጋራዥ ገባ። አንድ ቀን ብቻዬን ካርልተን ሄጄ ከፎቁ ሥር ቆምኩ። መስኮታችንን ለይቼ አገኘሁት። የማላውቀው አረንጓዴ መጋረጃ ተሰቅሎበታል። ትራም መጥታ ሄደች። ሌላም መጣች። የት እንደምሄድ ስላላወቅሁ ቆሜ ቀረሁ።

እንዴት እንደሞተ የነገሩኝ እትዬ ናቸው። ጠዋት ለቅዳሴ ሊጠሩት በሩን ቢያንኳኩ መልስ የለም። በቁልፋቸው ከፍተው ገቡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ተደግፏል። አንዱን ጫማ አድርጓል፤ ሌላው እጁ ላይ ነው።

ከወንድሜ ጋር የተጣላነው ከዚያ ሰሞን በአንዱ ቀን፣ ጋራዡ ውስጥ ነው። የአባቴን ጃኬቶች እያየን ነበር።

"ቀብሩ መቼ ነበር?" አልኩት።

"ቅዳሜ።"

"ረቡዕ አውሮፕላን እንደሚመጣ ነግሬህ ነበር።"

"ነግረሽኛል።"

"ዐርብ ሆባርት እገባ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እዚህ እደርስ ነበር።"

"ሽማግሌዎቹ ቦታ አይኖርም አሉኝ። ዕቃ ብቻ ነው የምትጭነው፣ ብትሰማም መምጣት አትችልም አሉኝ።"

"ባዶ ወንበር ነበረው" አልኩት። "ሰውዬው ቁጭ በይ ብሎኝ ነበር።"

ይህን አያውቅም ነበር። ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን ሳየው ማቆም ነበረብኝ፤ አላቆምኩም። አዝዬ ያሳደግሁህ አባቴን ቀብረህ እንድትደብቀኝ ነው? አልኩት። እኔ እዚያ ድንጋይ ስጭን አንተ እዚህ አፈር ታለብስ ነበር አልኩት። መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

መጸውና ክረምቱ እንዲያ አለፈ። ይደውላል፤ አላነሳም። ቴክስት ያደርጋል፤ አነባለሁ፣ አልመልስም። ዩኒቨርሲቲ ሄጄ አስተምራለሁ፣ እመለሳለሁ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ እትዬ በትራም እኔ ቤት መጡ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ብቻቸውን ወጥተው አያውቁም ነበር። ሻይ ሰጠኋቸው፤ አልነኩትም።

"ወንድምሽን ልቀቂው" አሉኝ። "አትንገሯት ያልኩት እኔ ነኝ።"

"እርስዎ?"

"እኔ። ልጁማ ስልኩን ይዞ ልደውል ሲል ነበር። እጁን ያዝኩት። ዘመድ በሌለበት፣ በረዶ መሐል፣ አንድ ፈረንጅ ይዟት ታልቅስ? አልኩ። ጋሼም ደገፉኝ።" ነጠላቸውን እየጠቀለሉ ቆዩ። "የኔ ልጅ የሞተ ጊዜ የስደተኞች ካምፕ ነበርኩ። ውኃ ልቀዳ ተሰልፌ ሳለሁ አንዱ መጥቶ ነገረኝ። ቆሜ ነው የሰማሁት። ስወድቅ የያዘኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ፣ በእኔ የደረሰ በማንም አይድረስ ብዬ ነው።"

እትዬ ልጅ እንደነበራቸው አላውቅም ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በር ለበር ስንኖር፣ አንድም ቀን አንስተውት አያውቁም። ጥፋት ሠርተዋል ልላቸው አልቻልኩም። ደግ አደረጉም ልላቸው አልቻልኩም። አጠገባቸው ተቀመጥኩና እጃቸውን ያዝኩ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

በሳምንቱ ክሬጊበርን ሄድኩ። ወንድሜ ከሺፍት ወጥቶ ሲገባ ነው የደረስኩት፤ የመጋዘኑን ቢጫ ሰደርያ እንኳን አላወለቀም። በሩ ላይ ቆመን ተያየን። አስገባኝ። እትዬ ሁሉን እንደነገሩኝ ነገርኩት።

"የመጀመሪያው እሑድ የእሳቸው ነው" አለኝ። "ከዚያ በኋላ ያለው ግን የኔ ነው።"

"እንዴት የአንተ?"

አማርኛው እየጠፋበት፣ እንግሊዝኛውን እየቀላቀለ ነገረኝ። ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌዎቹ፣ አሁን ከፈለግህ ደውለህ ንገራት ብለውት ነበር። አልነገረኝም። አንቺ ዘንድ ገና አልሞተም ነበር አለኝ። እሑድ ሲደርስ የአባዬን ስልክ ቻርጅ አድርጎ፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እኔ "መድኃኒቱን ወሰደ?" ስለው "ወሰደ" ይለኛል። "በላ?" ስለው "በላ" ይለኛል። እያወራን ሳለ አባዬ እውነትም ጓዳ ያለ ይመስለው ነበር። ስልኩን ስዘጋው ነው እንደገና የሚሞትበት።

"ለአንቺ ከነገርኩሽ ማንም ዘንድ በሕይወት አይኖርም" አለኝ። "አልቻልኩም።"

እዚያ ሶፋ ላይ፣ ያን ሰደርያ እንደለበሰ፣ እንደ ሕፃን አቀፍኩት። ይቅር ብለሽዋል? ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር አዎ እለዋለሁ። ባዶው ወንበር ግን ከሐሳቤ አልወጣም። ሁለቱ አብረው መኖር እንደሚችሉ አላውቅም ነበር፤ ይኖራሉ።

ሙት ዓመቱን አብረን አወጣን። ሐውልቱንም አቆምን። በዚያ በጋ ወደ ደቡብ አልሄድኩም፤ ቦታዬን ለሌላ ሰጠሁ። እሑድ እሑድ ክሬጊበርን እየሄድኩ ከወንድሜ ጋር ምሳ እበላ ነበር። ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ አባታችን አልነበረም፤ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሺፍት፣ ስለ መኪናው ፍሬን ነበር።

በተከታዩ ዓመት ተመልሼ ልሄድ ወሰንኩ። ያላለቀ ሥራ ነበረኝ። ወንድሜ ዜናውን ሲሰማ አልተቃወመኝም፤ አውሮፕላን ማረፊያ የማደርስሽ ግን እኔ ነኝ አለ።

ሻንጣዬን ከመኪናው አውርዶ መሬት ላይ አቆመው።

"የሆነ ነገር ቢፈጠር እነግርሻለሁ" አለኝ። "ማንንም አላማክርም። ዕለቱን እነግርሻለሁ።"

"እሺ" አልኩት።

የሻንጣውን እጀታ አልለቀቀም።

"ግን ከእንግዲህ የማረዳሽ የማንን ሞት ነው?" አለኝ። "የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።"

ለመሳቅ ሞከርን። አልሆነልንም። ግንባሩን ሳምኩት፣ ሻንጣዬን ከእጁ ወሰድኩና ገባሁ። በመስታወቱ በኩል ዞሬ ሳይ መኪናው ውስጥ ገብቷል፤ ግንባሩን መሪው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ከኋላው የቆመው መኪና ጥሩንባ እስኪነፋበት ድረስ አልተንቀሳቀሰም።